ፎቶው ከብዶ፣ ፊደሉ ጠፍቶ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሱቅ፣ ማረፊያ ወይም ማሠልጠኛ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ ዌብሳይታቸውን ራሳቸው ወይም የቤተሰብ ልጅ ያስተዳድረዋል። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች «ዲዛይን ስለማልችል ነው» ብለው ይጀምራሉ። የላኩልንን ገጾች ስናይ ግን ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ በፋይል መጠን፣ በብርሃን፣ በፊደል ምርጫ። እነዚህ ደግሞ ተሰጥኦ አይጠይቁም፤ በቁጥር ተለክተው ይስተካከላሉ።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። የክፍሎቹን 12 ፎቶዎች በስልኬ አንስቼ ዌብሳይቱ ላይ ጫንኩ። ከአዲስ አበባ የሚደውሉ እንግዶች «ገጹ አልከፈት አለን» ይሉኛል። ልጄ ደግሞ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ተቀብሎ ቢጭናቸው ደበዘዙ። ከሁለቱ የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱም ይቅርብዎ። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ገደማ ነው፤ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይደርሳል። 12 ፎቶ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ቢሆን ድምሩ 48 ሜጋባይት ነው። አንድ ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ስለሆነ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ ኔትወርክ ይህ 96 ሰከንድ ይፈጃል። ያን ያህል የሚታገሥ እንግዳ አይኖርም፤ የሚያልቀውም የእሱ ዳታ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ወደ 150 ኪሎባይት ካወረዱት ግን ጠቅላላው 1.8 ሜጋባይት ይሆንና በ4 ሰከንድ ውስጥ ይከፈታል።

ለዚህ ስኩሽ የሚባለው በብራውዘር የሚሠራ ነጻ መሣሪያ ይበቃዎታል። ፎቶውን ጎትተው ይጣሉበትና ሪሳይዝ የሚለውን ያብሩ። ከገጹ አናት ላይ በሰፊው ለሚዘረጋው አንድ ፎቶ ስፋቱን 1600 ፒክስል፣ ለቀሩት 1000 ያድርጉ። ቁመቱን አይንኩት፤ በራሱ ይመጣጠናል። ከዚያ የፋይሉን ዓይነት ዌብፒ ወይም ሞዝጄፔግ (ሁለቱም ፎቶን ለዌብ የሚያምቁ ናቸው) አድርገው ጥራቱን ከ75 ይጀምሩ። መሐል ላይ ያለውን መስመር ግራና ቀኝ ሲጎትቱ የመጀመሪያውንና የታመቀውን ጎን ለጎን ያያሉ። ሲያነጻጽሩ አልጋው ላይ አያተኩሩ፤ ባዶውን ግድግዳና የምንጣፉን ጥለት ይመልከቱ። ፎቶ ከመጠን በላይ ሲታመቅ መጀመሪያ የሚበላሸው እዚያ ነው፦ ግድግዳው ደረጃ ደረጃ ይሠራል፣ ጥለቱ ይቀልጣል። ካልተበላሸ ወደ 70 ዝቅ ያድርጉት፤ ከ60 በታች ግን ባይወርዱ ይመረጣል።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ ይቁረጡ፣ ቀጥሎ ያሳንሱ፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ያምቁ። ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) በተከፈተና እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱን ስለሚያጣ ለማረም የሚመለሱት ሁልጊዜ ወደ ዋናው ፎቶ ይሁን። ዋናውን በፍላሽ ወይም በሌላ ቦታ ሳይነካ ያስቀምጡት።

የቴሌግራሙ ነገር እንዲህ ነው፦ ፎቶን እንደ «ፎቶ» ሲልኩ መተግበሪያው በተለመደው አሠራር ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አሳንሶ እንደገና ያምቀዋል። ልጅዎ ያንን ቆርጦ በሰፊው ሲዘረጋው ይደበዝዛል። አባሪ ከሚለው ምልክት ገብተው «ፋይል» የሚለውን መርጠው ይላኩ፤ ያኔ ፎቶው እንዳለ ይደርሰዋል።

ጥያቄ፦ እኔና እህቴ ኮምቦልቻ ላይ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ እንሸጣለን። ነጩ ሸማ በፎቶ ግራጫ ይሆንብናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰማያዊ ይመስላል። የጥለቱም ቀለም ይቀየራል። አንዲት ደንበኛ «ያዘዝኩት ይህ አይደለም» ብላ መልሳብናለች። ፎቶ አንሺ መቅጠር ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ስልካችሁ ይበቃል። ግን ካሜራ እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ያስፈልጋል። ካሜራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፍሬሙን ነጭ ሸማ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ግራጫው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሸማው ላይ በጣታችሁ ንኩና አጠገቡ የሚወጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ግፉት። ስልኩ ፕሮ ሞድ ካለው ኢቪ የሚለውን የብርሃን ማስተካከያ ከ+0.7 እስከ +1 አድርጉት። መቼ እንደምታቆሙ ክሩ ይነግራችኋል፦ የሽመናው ክር መታየቱን ሊያቆም ሲል መልሱት። አንዴ ነጥቶ የጠፋ ክር በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም።

ሰማያዊው የሚመጣው ከጥላ ነው። በረንዳ ጥላ ሥር ስታነሱ ሸማውን የሚያበራው ሰማዩ እንጂ ፀሐይዋ አይደለችም። ቤት ውስጥ አምፖል ሲበራ ደግሞ ብጫ ይጨመርበታል። በጣም መጥፎው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው፤ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ጎን ብጫ ይሆንና አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይብስበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ አንድ የብርሃን ምንጭ ብቻ መጠቀም ነው፦ አምፖል ይጥፋ፣ ፍላሽ ይዘጋ።

የኮምቦልቻ የቀትር ፀሐይ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጥላው ጥቁር፣ ነጩ ደግሞ ዓይን የሚወጋ ይሆናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንሱ። በቀትር የግድ ከሆነ መስኮቱ ላይ ስስ ነጠላ እንደ መጋረጃ ዘርጉበት። ደሴ ላይ ያላችሁ ደግሞ ጉም የወረደበትን ቀን አትናቁ፦ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ብርሃኑን እኩል ይበትነዋል፤ ልብስ ለማንሳት ከዚያ የተሻለ መብራት በገንዘብም አይገኝም። ቀለሙ ብቻ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ኋላ ይስተካከላል።

አቀማመጡ፦ ልብሱን ተኩሳችሁ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ስቀሉት፤ ብርሃኑ ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምታው። የጎን ብርሃን ሽመናውን ያወጣል፤ የፊት ብርሃንና ፍላሽ ጠፍጣፋ ያደርጉታል። በተቃራኒው ጎን ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ትልቅ ካርቶን አቁሙ፤ ጥላውን ያለሰልሰዋል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ነጭ አይሁን። ነጭ ሸማ በነጭ ግድግዳ ላይ ጠርዙ ይጠፋል፤ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ጀርባ ይሻላል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ራቁና 1 በሚለው ሌንስ አንሱ። 0.5 የሚለው ሰፊ ሌንስ የቀሚሱን ታች ያጠብበዋል ወይም ያሰፋዋል።

ለቀለም ስናፕሲድ የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ክፈቱና ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ማስተካከያ) ውስጥ ያለችውን የጠብታ ምልክት ግራጫ ወይም ነጭ መሆኑን በምታውቁት ነገር ላይ አኑሯት። ሸማው ላይ ግን አታኑሯት፤ የእጅ ፈትል ብዙ ጊዜ ወደ ክሬም የሚያደላ ነው፣ እሱን «ነጭ ነው» ብላችሁ ካስተካከላችሁ የጥለቱ ቀለም ሁሉ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የቢሮ ኤ4 ወረቀትም ማንጫ ስላለበት በቀን ብርሃን ራሱ ትንሽ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ስለዚህ በመሣሪያው አስተካክሉና ልብሱን ከስክሪኑ አጠገብ ይዛችሁ በዓይን ጨርሱት። የስልኩን ኤአይ የሚል ማሳመሪያም አጥፉት፤ ቀይ ጥለትን ከልክ በላይ የሚያደምቀው እሱ ነው። የሰው ስክሪን ደግሞ ይለያያልና ቀለሙን በጽሑፍ ጭምር ግለጹ፦ «የደም ቀለም ጥለት፣ የወርቅ ክር ያለበት»።

በመጨረሻ ሁሉንም ፎቶ በአንድ ልክ ቁረጡ፤ 1000 በ1250 ፒክስል ለቀሚስ ይስማማል። የላካችሁልን ገጽ የተዝረከረከ የሚመስለው አንዱ ፎቶ ረጅም፣ ሌላው ሰፊ፣ ሦስተኛው አራቱም ጎኑ እኩል ስለሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ለአንድ ማሠልጠኛ የዌብሳይት ባነር እሠራለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ ግን አማርኛው አይነበብም። አንዳንዴ በፊደል ፋንታ ባዶ ሣጥን ይመጣል። ከቆየ ዶክመንት ስገለብጥ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጠየቅከው ሦስት የተለያየ ነገር ነው።

ባዶው ሣጥን የመረጥከው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጋሩት የፊደላት ኮድ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም በየቴምፕሌቱ የምታያቸው ያጌጡ ፎንቶች አብዛኞቹ የላቲን ብቻ ናቸው። አንዳንዱ ፕሮግራም ሣጥን ከማሳየት ይልቅ ሳይነግርህ ሌላ ፎንት ይተካል፤ «ፎንቱን ብቀይርም አማርኛው አይለወጥም» የሚባለው ለዚህ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል የተባሉት ጉግል ፎንትስ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ለንግድ ሥራም መጠቀም ይፈቀዳል።

ዝብርቅርቁ የሚመጣው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ድሮው ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ከተጻፈ ዶክመንት ነው። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡ ጽሑፉ ከፎንቱ ሲለይ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ፎንት በመቀያየር አይድንም፤ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ ነው። ባነር ላይ ለሚገባ ሁለት ሦስት መስመር እንደገና መተየቡ ይፈጥናል።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው፣ ትልቁም ችግር እሱ ነው። 1200 ፒክስል ስፋት ያለው ባነር 360 ስፋት ባለው ስልክ ላይ ሲገባ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጠባል። አንተ በ40 ፒክስል የጻፍከው ፊደል እዚያ 12 ሆኖ ይታያል። ላቲን በ12 ይነበብ ይሆናል። አማርኛ ግን ቡን ከቢ፣ ሌን ከሊ የሚለየው በአንዲት እግር ወይም ቀለበት ስለሆነ ያቺ ስትጠፋ ቃሉ ራሱ ይቀየራል። ስልክ ላይ ከ18 በታች እንዳይወርድ ከፈለግህ ባነሩ ላይ ቢያንስ በ60 ጻፍ። 60 አድርገህ ጽሑፉ ካልገባ ጽሑፉ በዝቷል፤ ቀንሰው።

ቢ የምትለዋን የማወፈሪያ ቁልፍ ተጠንቀቃት። ፎንቱ የራሱ ወፍራም ዓይነት ከሌለው ፕሮግራሙ መስመሩን በግድ ያወፍረዋል፤ ያኔ የመ፣ የጨና የዐ ዓይኖች ይደፈናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም እውነተኛ ክብደቶች አሉትና ከዝርዝሩ ምረጥ። የመስመር ርቀቱን 1.5 ወይም 1.6 አድርግ። ጥላ፣ ጠርዝ፣ ማንጸባረቂያ የሚሉትን አትንካቸው፤ ፊደሉን በስፋት መለጠጥም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጽሑፉን ከነጭራሹ ምስሉ ውስጥ አለማስገባት ነው። ምስሉ ምስል ብቻ ይሁን፤ የምዝገባ ቀኑንና ዋጋውን በገጹ በራሱ ጽሑፍ ከላዩ አስቀምጠው። ጽሑፍ በስልክ ስፋት ራሱን አጥፎ ይሰለፋል፣ ጉግል ያነበዋል፣ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራምም ያነበዋል፤ ቀኑ ሲቀየርም ባነር እንደገና አትሠራም። ከበስተጀርባ ያለው ፎቶ ጽሑፉን ከዋጠው በመሐላቸው 50 በመቶ የሚያሳልፍ ጥቁር ሽፋን አንጥፍና ፊደሉን ነጭ አድርግ።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ሎጎዬን ለታፔላ የሠራልኝ ማተሚያ ቤት ነበር፤ አሁን እጄ ላይ ያለው የቢዝነስ ካርዱ ፎቶ ብቻ ነው። ገጹ ላይ ስጭነው ነጭ ሣጥን ይዞ ይመጣል።

መልስ፦ ፕሮግራም ከመክፈትዎ በፊት ፍላሽ ይዘው ወደ ማተሚያ ቤቱ ይሂዱ። ለታፔላ የተሠራ ሎጎ ዋና ፋይል አለው፦ ሲዲአር (የኮረልድሮው ፋይል)፣ ኤአይ (የኢሉስትሬተር ፋይል) ወይም ፒዲኤፍ። ሲቀበሉ «ለስክሪን በአርጂቢ አድርጋችሁ ስጡኝ» ይበሉ። ለኅትመት የሚሠራው ሲኤምዋይኬ በሚባለው የቀለም ሥርዓት ነው፤ ያ ወደ ገጽ ሲሄድ ቀለሙ ይዛባል።

ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነ ኢንክስኬፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይመልሰዋል። ካርዱን ከላይ ቀጥ አድርገው፣ ነጸብራቅ በሌለበት ብርሃን ያንሱ ወይም ስካን ያድርጉ። ኢንክስኬፕ ውስጥ አስገብተው ምስሉን ይምረጡና ፓዝ ከሚለው ሥር ትሬስ ቢትማፕ ይክፈቱ። ባለ አንድ ቀለም ሎጎ ከሆነ ብራይትነስ ከትኦፍን ከ0.45 ይጀምሩ፤ ቀጫጭን መስመሮች ከጠፉ ከፍ፣ ክፍተቶች ከተደፈኑ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ከሥር ያለውን ፎቶ ያጥፉት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ነጩ ሣጥን አብሮት ይሄዳል። መስመሩን የሚያቃልለውን ሲምፕሊፋይ የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሲደጋገም ማዕዘኖቹ ይቀልጣሉ። የሱቁን ስም ግን በዚህ መንገድ አያውጡት። በጥሩ ፎንት እንደገና ይጻፉትና ኦብጀክት ቱ ፓዝ በሚለው ወደ ቅርጽ ይቀይሩት፤ ያኔ ፎንቱ በሌለበት ስልክም አይለወጥም።

ምስሉን በመስመርና በቅርጽ በሚይዘው የፋይል ዓይነት፣ በኤስቪጂ ያስቀምጡ፤ ቢያሳንሱትም ቢያሰፉትም አይደበዝዝም። የዌብሳይት መሥሪያው ዎርድፕረስ ኤስቪጂን በተለመደው ሁኔታ አይቀበልም፤ እዚያ ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ ይጫኑ፣ ገጹ ላይ ከሚታየው ስፋት እጥፍ አድርገው። ጄፔግ ባዶ ጀርባ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጄፔጉን ፒኤንጂ ብለው ቢያስቀምጡትም ነጩ ሣጥን አይለቅም። ብራውዘሩ ትር ላይ ለምትታየው 32 በ32 ፒክስል ምልክት ደግሞ ሙሉ ስሙን አያስገቡ፤ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቅርጽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ገጻችን አረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ነው። «ዓይን ያደክማል» ተባልን። ቀለሞቹን ማንሳት አለብን?

መልስ፦ ሦስቱን እንደ ጌጥ አቆዩአቸው፣ ጽሑፍ አታድርጓቸው። በጽሑፍና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ዓለም አቀፉ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ይጠይቃል። ድፍን ብጫ በነጭ ላይ 1.1 ለ1 አካባቢ ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። ያው ብጫ ከጥቁር ጋር ሲሆን 19.6 ይደርሳል። ደማቅ ቀይ በነጭ ላይ 4 ብቻ ስለሆነ ጥቂት ማጥቆር ይፈልጋል። እናንተ የተጠቀማችሁበት ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ላይ ደግሞ 1.3 አካባቢ ነው፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸገሩ ሰዎችማ ጭራሹን አይታይም። አንዱን ቀለም ዋና አድርጉ፤ እንዲጫኑ ለምትፈልጉት ቁልፍ ሁለተኛውን ስጡ፤ የቀረው ነጭና ጥቁር ግራጫ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከጉግል የወረደ ፎቶ ብጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ጉግል የሚያሳየው የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ በእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። አንስፕላሽ፣ ፔክስልስና ፒክሳቤይ በነጻ ይሰጣሉ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ያሉትን ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የተጻፈውን ፈቃድ አንብባችሁ ተጠቀሙ፤ ብዙዎቹ የአንሺውን ስም እንድትጠቅሱ ያስገድዳሉ። ለደሴ ማረፊያ የውጭ አገር ሆቴል አልጋ መለጠፍ ግን ሕጉ ቢፈቅድም አንመክርም፤ እንግዳው በሩ ላይ ሲደርስ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ በርበሬና ሽሮ እናዘጋጃለን። የገጻችንን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ስንለጥፍ አሮጌው ሎጎ ግማሹ ተቆርጦ ይወጣል። ቀይረነውም አልተለወጠም።

መልስ፦ ሊንክ ሲለጠፍ የሚወጣው ምስል ከገጹ ኮድ ውስጥ ኦጂ ኢሜጅ ከሚባለው መስመር ይነበባል። 1200 በ630 ፒክስል የሆነ፣ ከ300 ኪሎባይት ያልበለጠ ጄፔግ አዘጋጁ። አንዳንድ መተግበሪያ አራቱም ጎኑ እኩል አድርጎ ስለሚቆርጠው ስማችሁና የበርበሬው ፎቶ መሐል ባለው 630 በ630 ውስጥ ይግባ፤ ግራና ቀኙ ጀርባ ብቻ ይሁን። አድራሻው በኮዱ ውስጥ ከኤችቲቲፒኤስ ጀምሮ ሙሉውን ይጻፍ፤ ግማሽ አድራሻ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አሮጌው ምስል አልለቅ ያለው ቴሌግራም ያስቀመጠውን ቅጂ ስለሚያሳይ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ዌብፔጅ ቦት የሚባለውን ፈልጋችሁ ሊንኩን ላኩለት፤ እንደገና ያነበዋል። ፌስቡክ ላይ ሼሪንግ ዲበገር በሚባለው ገጽ ሊንኩን አስገብታችሁ ስክሬፕ አጌን የሚለውን ተጫኑ። በሁለቱም ካልሆነ ምስሉን በአዲስ የፋይል ስም ጫኑና ኮዱ ውስጥ ያለውን ስም ቀይሩ። ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ ብቻ ሲቀየር አሮጌው ቅጂ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።